ማስተርሱ ከየት መጣ? ፋይናንስ ከፓሪስ እስከ መርካቶ

ሰሞኑን ከጓደኞቻችን ጋር በተገናኘን ቁጥር የምንሰማው ወሬ አንድ ሆኗል። «ማስተርስ ጀመርኩ።» በምን? «በፋይናንስ።» የባንኩ ልጅ ፋይናንስ፣ የኢንሹራንሷ ልጅ ፋይናንስ፣ በጂኦግራፊ ተመርቆ ባንክ መስኮት ላይ የተቀመጠው ጓደኛችንም ፋይናንስ። ከሥራ ወጥተው፣ ታክሲ ተጋፍተው፣ ሳምቡሳ እየገመጡ የማታ ክፍል ይገባሉ። ቅዳሜና እሑድ አሳይመንት ነው። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ለዕድገት ነዋ!» ይሉናል። መቼም ዕድገት የሚጠላ የለም።

ከመካከላቸው አንዷ ግን ባለፈው ቡና እየጠጣን የነገረችን ነገር ከአእምሯችን አልጠፋ አለ። አንድ ሙሉ ምሽት «ቤታ» የሚባል ቁጥር ሲያሰሉ አመሹ። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ከጠቅላላው ገበያ ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚለካ ቁጥር ነው። በመጨረሻ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «የአገራችንን ኩባንያ ቤታ ከየት እናገኛለን?» ብሎ ጠየቀ። አስተማሪው ሳቁ። ተማሪዎቹም ሳቁ። ክፍሉ አለቀ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

እኛ ጋዜጠኝነት ስለተማርን ቤታ ማስላት አንችልም። ጥያቄ ሲሳቅበት ግን ደስ አይለንም። እናም «ይሄ ትምህርት ራሱ ከየት መጣ? ማን ጀመረው? ምን ብሎ?» ብለን መቆፈር ያዝን። ያገኘነውን እነሆ። የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን ቆጠራ ጽፈነዋል፤ እንዳይምታታባችሁ።

ፓሪስ፣ 1900

የታሪኩ መጀመሪያ ብዙዎች የማያውቁት ሉዊ ባሽሊዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ሰውዬው በለጋ ዕድሜው ወላጆቹን በማጣቱ ትምህርቱን አቋርጦ የቤተሰቡን ንግድ ሲያስተዳድር ቆይቶ ነው ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው። በመጋቢት 1900 ሶርቦን ላይ ለዶክትሬት ያቀረበው ጽሑፍ ርዕሱ «የስፔኩሌሽን ንድፈ ሐሳብ» ነበር። ለሒሳብ ሊቃውንት ስለ ፓሪስ የቦንድ ገበያ ሊነግራቸው መጣ ማለት ነው!

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ነገ ዋጋው ይውጣ ይውረድ ማንም አያውቅም፤ ቢያውቅማ ዛሬውኑ ይገዛው ነበር። ነገር ግን ዋጋው ዛሬ ካለበት ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ማስላት ይቻላል። ርቀቱ ከጊዜው ጋር እኩል አያድግም፤ በጊዜው ካሬ ሩት ልክ ነው የሚያድገው። በአንድ ቀን ይህን ያህል የሚዋዥቅ ዋጋ፣ በአራት ቀን አራት እጥፍ ሳይሆን ሁለት እጥፍ ይዋዥቃል። አንስታይን ውሃ ላይ ስለሚንቀጠቀጡ ብናኞች ተመሳሳዩን ሒሳብ የጻፈው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1905 ነው።

አማካሪው ታላቁ ኦንሪ ፕዋንካሬ ነበሩ። ሥራውን ወደዱለት፤ ርዕሱ ግን የሒሳብ ተማሪዎች ከሚያቀርቡት ራቅ ያለ መሆኑን ሳይጠቅሱ አላለፉም። ባሽሊዬ የተሰጠው ማዕረግ ከከፍተኛው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ነበር። በዚያ ዘመን ከፍተኛውን ያላገኘ ሰው ጥሩ ወንበር አያገኝም። ቋሚ ፕሮፌሰርነት ያገኘው በ1927፣ ዕድሜው ሃምሳውን ካጋመሰ በኋላ ነው፤ ያውም ከፓሪስ ርቆ ቤዛንሶን ውስጥ። በ1946 ሲሞት የጻፈው ነገር ምን ያህል እንደሚፈለግ አላየም። በ1950ዎቹ ግን አሜሪካኖች ጽሑፉን ከቤተ መጻሕፍት አቧራ ውስጥ አወጡት።

ለምን ከሰርኩ?

እስከዚያው ድረስ አሜሪካ ውስጥ «ፋይናንስ» ማለት ሌላ ነገር ነበር። ዳርትማውዝ በ1900፣ ሃርቫርድ በ1908 የድኅረ ምረቃ የንግድ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ የሚማሩት ኩባንያ እንዴት እንደሚቋቋም፣ ቦንድ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የኪሳራ ሕጉ ምን እንደሚል ነበር። የሙያ ትምህርት ነው። ልምድ ያለው ሰው ይመጣል፣ ያየውን ያወራል፣ ተማሪው ይጽፋል።

ከዚያ 1929 መጣ። የኒውዮርክ ገበያ ተንኮታኮተ። ጆን በር ዊልያምስ የሚባል የአክሲዮን ገበያ ባለሙያ «ለመሆኑ የአክሲዮን እውነተኛ ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ አላስተኛ አለው። ሥራውን ትቶ በ1932 ሃርቫርድ ለዶክትሬት ተመዘገበ። ያገኘው መልስ ዛሬ በየማስተርሱ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚሰጠው ነው። የአክሲዮን ዋጋ ማለት ወደፊት የሚከፍለው የትርፍ ድርሻ ሁሉ ተደምሮ፣ የዛሬ ብር ከነገ ብር እንደሚበልጥ ታስቦ፣ ወደ ዛሬ ሲመነዘር ነው። መጽሐፉ በ1938 ወጣ፤ ዲግሪው እስኪጸድቅ እንኳ አልጠበቀም።

ልብ በሉ፤ ዊልያምስን ወደ ትምህርት የመለሰው አገር ምድሩ ሲከስር አይቶ ያነሳው ጥያቄ ነው።

ደጅ የጠናው ተማሪ

ከታሪኩ ሁሉ እኛ የወደድነው ግን ይሄኛውን ነው። ወደ 1950 ገደማ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ማርኮዊትዝ የሚባል ወጣት የዶክትሬት ርዕስ አጥቶ ተቸግሯል። አማካሪው ጋ ሊገባ ደጅ ይጠናል። አብሮት ደጅ የሚጠና አንድ ሰው አለ፤ የአክሲዮን ደላላ ነው። ወሬ ጀመሩ። ደላላው «ለምን ስለ አክሲዮን ገበያ አትጽፍም?» አለው። ገብቶ ለአማካሪው ነገራቸው። አማካሪው እሺ አሉና የሚያነበውን መጻሕፍት ወደሚጠቁመው ሌላ ፕሮፌሰር ላኩት።

ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ያንኑ የዊልያምስን መጽሐፍ ሲያነብ አንድ ነገር ቆረቆረው። ሰው የሚፈልገው ከፍተኛ ትርፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ጥሩ የተባለችውን አንዲት አክሲዮን መርጦ ያለ የሌለ ገንዘቡን እሷ ላይ ያፈስ ነበር። ግን ማንም ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም። ለምን? ስለሚፈራ። ታዲያ ፍርሃቱ ቀመሩ ውስጥ የት አለ?

ይሄን ለእኛ አያቶች ብትነግሯቸው «ይሄማ ምን ይገርማል?» ይላሉ። ገበሬው ጤፉን እዚህ፣ ማሽላውን እዚያ፣ ሽምብራውን ከታች የሚዘራው በረዶ አንዱን ቢመታ ሌላው እንዲተርፍለት ነው። የማርኮዊትዝ አዲስ ነገር ቀጣዩ እርምጃ ነው። አንድ ድርቅ ሁለቱንም ሰብል እኩል የሚያደርቃቸው ከሆነ፣ ሁለት ዓይነት መዝራት ከአንድ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ መለካት ያለበት እያንዳንዱ ብቻውን ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ብቻ አይደለም፤ እርስ በርሳቸው ምን ያህል አብረው እንደሚወድቁም ጭምር ነው። ይህን በሒሳብ ጻፈው። በመጋቢት 1952 በጆርናል ኦፍ ፋይናንስ የታተመው ጽሑፍ 15 ገጽ ያህል ብቻ ነው።

ከዚያ የዶክትሬቱ መከላከያ ቀን ደረሰ። ፈታኞቹ መካከል ሚልተን ፍሪድማን አሉ። ማርኮዊትዝ በኋላ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ፍሪድማን «ሒሳቡ ላይ ስሕተት አላየሁም፤ ግን ይሄ ኢኮኖሚክስ አይደለም፣ ሒሳብም አይደለም፣ ቢዝነስም አይደለም፤ ላልሆነ ነገር የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት እንዴት እንሰጣለን?» በሚል መንፈስ ያፋጥጡት ጀመር። ልጁ ወጥቶ ኮሪደር ላይ እንዲጠብቅ ተነገረው። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው «እንኳን ደስ አለህ፣ ዶክተር» ብለው ተቀበሉት። ያ «ምንም ያልሆነ ነገር» በ1990 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ማርኮዊትዝ በ2023 በ95 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ይህን ታሪክ እየሳቀ ሲናገር ኖሯል።

ቤታስ? ቤታ የተወለደችው ከዚሁ ነው። ዊልያም ሻርፕ የሚባል ሌላ የዶክትሬት ተማሪ ማርኮዊትዝን ተጠግቶ «ሁሉም ሰው እንደ አንተ ቀመር ቢያስብ የአክሲዮን ዋጋ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። በ1964 ያሳተመው መልስ ነው ጓደኛችንን ያን ምሽት ያስመሻት።

ትምህርት ቤቱ ራሱ ሲፈተን

በ1959 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ወፋፍራም ሪፖርቶች ወጡ። አንዱን ፎርድ ፋውንዴሽን፣ ሌላውን ካርኔጊ ኮርፖሬሽን ነው ያሠራው። ሁለቱም የንግድ ትምህርት ቤቶቹን ክፉኛ ተቹ። ትምህርቱ ሙያ ማሠልጠኛ እንጂ ሳይንስ የለበትም፣ ምርምር የለም፣ ተማሪውም ደካማ ነው አሉ። ከትችቱ ጋር ገንዘብም መጣ፤ ትምህርት ቤቶቹም የሒሳብና የኢኮኖሚክስ ሰዎችን በብዛት መቅጠር ያዙ። ያ አሮጌው ልምድ አካፋይ አስተማሪ ቀስ በቀስ ከመድረኩ ወረደ።

ዩጂን ፋማ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲማር ለአንድ ፕሮፌሰር የአክሲዮን ትንበያ መጽሔት ይሠራ ነበር። የሚፈለስፋቸው ዘዴዎች ባለፈው መረጃ ላይ ሲሞከሩ ግሩም ናቸው፤ አዲስ መረጃ ላይ ሲሞከሩ ይከሽፋሉ። ከዚህ ብስጭት ተነሥቶ ነው ለዶክትሬቱ የአክሲዮን ዋጋ ሊተነበይ አይችልም የሚለውን ክርክር የገነባው። በ2013 ኖቤል ሲሸለም፣ አብሮት ከተሸለሙት አንዱ ገበያው በስሜት ይነዳል ብሎ የሚሟገተው ሮበርት ሺለር ነበር። ለሁለት ተቃራኒ ሐሳብ አንድ ሽልማት!

በ1973 ደግሞ ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ ኦፕሽን ለሚባለው ውል ዋጋ የሚያወጣ ቀመር አሳተሙ። ሮበርት መርተን የሚባል ወጣትም በዚያው ዓመት ሐሳቡን አሰፋው። ከባሽሊዬ 73 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ቺካጎ ውስጥ የኦፕሽን ገበያ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዎች ቀመሩን በኪስ ካልኩሌተር ይዘው ይገበያዩ ጀመር። ክፍል ውስጥ የተጻፈው ገበያውን ራሱን መምራት ያዘ።

መርተንና ሾልስ በ1997 ኖቤል ተሸለሙ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሁለቱ ሸሪክ የሆኑበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የሚባል ድርጅት ገደል አፋፍ ላይ ደረሰ። በ1998 መጀመሪያ የራሱ ገንዘብ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በታች ሲሆን የተበደረው ከ120 ቢሊዮን በላይ ነበር። በነሐሴ ሩሲያ ዕዳዬን አልከፍልም አለች። በተለያየ ማሳ የተዘሩ የመሰሉት ሰብሎች ሁሉ ባንድ ድርቅ ደረቁ። በኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ አሰባሳቢነት 14 የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው አነሡት። አብረው ለመውደቅ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የለኩት ካለፈው መረጃ ነበር፤ ያለፈው መረጃ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ነሐሴ አልነበረም።

እኛ ጋስ?

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ወደ ቤታችን የሚመጣው። ባንክ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የአቢሲኒያ ባንክ የተከፈተው በየካቲት 1898 ዓ.ም ነው፤ ያ ፈረንሳዊ ጽሑፉን ካቀረበ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻም አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም ባንክና ኢንሹራንስ ተወረሱ፤ አክሲዮን የሚባል ነገር ከከተማው ወሬ ጠፋ። በ1986 ዓ.ም ለኢትዮጵያውያን የግል ባንክ ተፈቀደ። አክሲዮን ተመልሶ መጣ፤ ገበያው ግን አልመጣም። አክሲዮኑን መሸጥ የፈለገ ሰው ዘመድ ጠይቆ፣ ደላላ ፈልጎ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ተሰልፎ ነበር የሚሸጠው። ዋጋው በሻጩና በገዢው መካከል ቀረ። በ2009 ዓ.ም የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮን እንዲለቁ ሲታዘዙና አክሲዮናቸው በጨረታ ሲሸጥ፣ ስንት ያወጣል የሚለው ለጥቂት ጊዜ አደባባይ ወጣ። ከዚያ ተመልሶ ዝም አለ።

አሁን የጓደኛችንን ክፍል አስቡት። የሻርፕ ቀመር ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ስጋት የሌለበት ወለድ። ብዙውን ጊዜ ለዚህ የሚወሰደው የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ነው፤ የእኛው ግን ለብዙ ዓመት ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች ስለነበር ስለ ገበያው ስሜት የሚናገረው ነገር አልነበረም። ሁለተኛ፣ የጠቅላላው ገበያ ትርፍ። ገበያ የለም። ሦስተኛ፣ ቤታ። ዋጋ ከሌለ ቤታ የለም። ሦስቱም የሉም። ለዚህ ነው የተሳቀው።

ታዲያ ተማሪው መመረቂያ ጽሑፉን በምን ይጻፍ? መልሱን የየዩኒቨርሲቲውን መደርደሪያ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። «የኢትዮጵያ ንግድ ባንኮችን ትርፋማነት የሚወስኑ ምክንያቶች።» ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ያወጣል፤ ስለዚህ መረጃ አለ። የስምንት ባንክ፣ የአሥር ዓመት። ካፒታል፣ ብድር፣ ወጪ፣ የዋጋ ንረት ተብሎ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ኮከብ ምልክት ያለበት ሠንጠረዥ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ሁለት ባንክ ጨምሮ ይደግመዋል። ተማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ መንገድ ላይ መብራት ካለበት ቦታ ብቻ የጠፋ ቁልፍ እንደመፈለግ ሆነ እንጂ።

አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም ወጣ። በጥር 2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋዮች ገበያ ሥራ መጀመሩ ተበሠረ፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ሆነ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በፓርላማ ጸድቋል። በዚያው ዓመት ከጥቅምት እስከ የካቲት ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቀረበ። የተሸጠው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ትንሽ የሚያልፍ ነበር። ለምን? እነሆ የመመረቂያ ርዕስ! 300 ብር ተወደደ? አነሰ? በዊልያምስ ቀመር ሲሰላ ስንት ይመጣል?

ቤታ ግን ለጊዜው ታገሡ ነው የምንለው። ብዙውን ጊዜ የአምስት ዓመት ወርኃዊ ዋጋ ይፈለጋል። ከ2017 ስንቆጥር እስከ 2022 ዓ.ም መጠበቅ ነው፤ ያውም አክሲዮኖቹ በየወሩ በደንብ ከተገበያዩ።

ደጃችን ላይ ያለው ገበያ

ግን መጠበቅ አለብን? ባሽሊዬ የጻፈው ደጁ ላይ ስለነበረው የፓሪስ ገበያ ነው። ዊልያምስ ስለ ከሰረው አገሩ። ፋማ ስለ ከሸፈው መጽሔቱ። እኛ ደጅ ላይ ምን አለ?

ዕቁብ አለ። እንበል 12 ሰዎች በወር 5 ሺህ ብር ይጥላሉ፤ ዕጣ የደረሰው 60 ሺህ ይወስዳል። መጀመሪያ የደረሰው ተበዳሪ ነው፤ ወለድ ግን አይከፍልም። መጨረሻ የደረሰው አበዳሪ ነው፤ ወለድ ግን አያገኝም። የዋጋ ንረቱ በዓመት 20 በመቶ ቢሆን፣ ከ11 ወር በኋላ የሚወሰደው 60 ሺህ ብር በመጀመሪያው ወር ዋጋ ሲመነዘር ወደ 51 ሺህ ይወርዳል። 9 ሺህ ብር በዕጣ ብቻ!

ዕጣ ሲሸጥስ አይታችኋል? ዕጣው የደረሰው ለቸኮለው ይለቅለታል፣ የቸኮለው ትንሽ ይከፍለዋል። ተራው ከስድስት ወር በኋላ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ዛሬ 60 ሺውን ለመውሰድ 3 ሺህ ብር ከፈለ እንበል። 57 ሺህ ወስዶ በስድስት ወር 60 ሺህ መለሰ ማለት ነው፤ 5.3 በመቶ ገደማ፣ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ። ይሄ ወለድ ነው። ባንክ ያልወሰነው፣ መመሪያ ያላወጣው፣ መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተከራክረው የደረሱበት ወለድ። ገበያ የለም ስንል የነበረው እኮ ይሄ ነው! በብጣሽ ወረቀትና በዕቁብ ዳኛው ደብተር ላይ ተመዝግቦ ተቀምጧል። እርግጥ ደብተሩን ማየት ከባድ ነው፤ ዳኛውን ማሳመን፣ የአባላቱን ሚስጥር መጠበቅ ይጠይቃል። ዓመታዊ ሪፖርት ከድረ ገጽ እንደማውረድ አይቀልም።

ለጓደኛችን ይሄን ስንነግራት መጀመሪያ ሳቀች። «አድቫይዘሬ ይሄ ፋይናንስ አይደለም ይለኛል» አለች። እኛም ኮሪደር ላይ ስለቆመው ልጅ ነገርናት። ዝም አለች። ከዚያ እናቷ ሃያ ዓመት የጣሉበት ዕቁብ እንዳለ፣ ዳኛው ጎረቤታቸው እንደሆኑ፣ ደብተሩን ማየት ይቻል እንደሆነ እንደምትጠይቅ ነገረችን።

ይፍቀዱላት አይፍቀዱላት ገና አልሰማንም። ከሰማን እንጽፋለን። እስከዚያው እናንተም የማታ ክፍል ስትገቡ፣ ጥያቄ የሚያነሣ ልጅ ካለ አትሳቁበት።

በቸር ያገናኘን።